ሰርቮን ከክንፍና ከጅራት ጋር ማገናኘት፦ ሪሞቱ ከመነካቱ በፊት በእጅ የሚሠራው ሥራ

በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ስትሠሩ አንድ ምሽት ይመጣል። ክንፉ አልቋል፣ ሞተሩ ተገጥሟል፣ ባትሪው ሞልቷል። የቀረው ሰርቮዎቹን (ሪሞቱ ሲያዝዛቸው የሚዞሩትን ትንንሽ ሞተሮች) ከክንፉና ከጅራቱ ጋር በሽቦ ማገናኘት ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን በችኮላ ጨርሶ በማግስቱ ሜዳ ይወጣል። እኔ ከግንባታው ሁሉ ረጋ ብዬ የምሠራው ይህንኑ ነው። አውሮፕላኑ አየር ላይ ሲሆን እናንተን ከእሱ ጋር የምታገናኘው ያቺው ቀጭን ሽቦ ናትና።

የምመክረው ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ በሪሞት። የዛሬ ሪሞቶች ብዙ ነገር ያስተካክላሉ። ጠማማ የተገጠመውን ቀጥ ያለ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ጠማማነቱ ግን አልጠፋም፤ ዋጋው ከሰርቮው ጉልበት ላይ እየተቆረጠ ነው። ስለዚህ እዚህ ሪሞቱን የምንከፍተው ሰርቮውን መሃል ለማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ፣ ከአንዲት ጥቃቅን እርማት በቀር፣ እስከ መጨረሻዎቹ ደረጃዎች ድረስ ማስተካከያዎቹን አንነካም።

ለምሳሌ የምወስደው ጀማሪ የሚለማመድበትን ዓይነት አውሮፕላን ነው። ከፎም ቦርድ (ሁለቱም ገጹ ወረቀት ከተለጠፈበት ፎም) የተሠራ፣ ክንፉ ከላይ የተቀመጠ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.2 ሜትር። አራት ባለ 9 ግራም ሰርቮ አለው፦ ሁለት ለኤይለሮን፣ አንድ ለኤሌቬተር፣ አንድ ለራደር። ከባልሳ እንጨት የሠራችሁም ብትሆኑ አሠራሩ ያው ነው። የሚለያይበት ቦታ ሲደርስ እናገራለሁ።

ስሞቹ ላይ እንስማማ

ኤይለሮን በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል ነው፤ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላል። ኤሌቬተር በጅራቱ አግድም ላይ ያለው ነው፤ አፍንጫውን ያነሳል፣ ይደፋል። ራደር በቆመው ጅራት ላይ ያለው ነው፤ አፍንጫውን ወደ ግራና ቀኝ ያዞራል። ሦስቱንም ባንድ ላይ ስጠራ “ቅጠል” እላለሁ።

ሰርቮው ላይ የሚዞረው ፕላስቲክ “ክንድ” ነው። ቅጠሉ ላይ የሚተከለው ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ “ቀንድ” ነው። ሁለቱን የሚያገናኘውን “ገፊ ሽቦ” እንበለው። በሽቦው አንድ ጫፍ የሚገባው፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ አፉ የሚከፈተውና ቀንዱ ቀዳዳ ውስጥ የሚቆለፈው ትንሽ ዕቃ ክሌቪስ ይባላል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ፒንሳ፣ ቢቻል ሽቦን የዜድ ቅርጽ አድርጎ የሚያጥፍ ፒንሳ፣ ትንሽ ካቻቢቴ፣ በእጅ የሚዞር ቀጭን መብሻ፣ ማስመሪያ፣ ስኳድራ፣ ከተር፣ የወረቀት ፕላስተርና ሞረድ። ሰርቮን ያለ ሪሞት የሚያንቀሳቅስ “ሰርቮ ቴስተር” የሚባል ርካሽ ዕቃ አለ። መሃል ማድረጊያ ቁልፍ ስላለው ሥራውን በጣም ያቀላል።

1. ሰርቮውን መሃል ማድረግ

ከሁሉ በፊት ፕሮፔለሩን ንቀሉ። ባትሪ ተሰክቶ እጅ አውሮፕላን ውስጥ እየገባ ፕሮፔለር መኖር የለበትም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ሪሞቱ ላይ አዲስ ሞዴል ክፈቱ። ትሪም (በበረራ ላይ መሃሉን የሚያርመው ቁልፍ) ዜሮ፣ ሰብትሪም (በሪሞቱ ሜኑ ውስጥ የሰርቮውን መሃል የሚያንቀሳቅሰው) ዜሮ፣ የሁሉም ቻናል (ሰርቮ የሚታዘዝበት መስመር) የጉዞ መጠን 100 በመቶ ይሁን። ማንኛውም ሚክስ (አንዱ ቻናል ሌላውንም እንዲያንቀሳቅስ የሚያደርግ ማስተካከያ) ካለ አጥፉት። ከዚያ ሰርቮዎቹን ክንድ ሳይገጠምላቸው ሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ዕቃ) ላይ ሰክታችሁ አብሩ።

ሰርቮው ከሪሲቨሩ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል የኤሌክትሪክ ምት ይቀበላል። የምቱ ርዝመት 1500 ማይክሮ ሰከንድ ሲሆን መሃል ላይ ይቆማል። ወደ 1000 ሲያጥር ወደ አንዱ ጎን፣ ወደ 2000 ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእያንዳንዱ ጎን 45 ዲግሪ ገደማ። ስቲኩን (በጣት የምትገፉትን የሪሞቱን ዘንግ) ስትለቁት ሰርቮው 1500 ላይ ነው። ክንዱን የምንገጥመው በዚህ ሰዓት ነው። ያልበራን ሰርቮ በእጅ እያዞራችሁ “መሃሉ እዚህ ይመስለኛል” ብላችሁ አትገምቱ። የፕላስቲክ ጥርሶቹም በእጅ ማዞር አይወዱም።

እግረ መንገዳችሁን ሰርቮውን ፈትኑት። ስቲኩን ቀስ ብላችሁ ከዳር እስከ ዳር ውሰዱት። የሚዘልል፣ መሃል ሲመለስ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የሚቆም ከሆነ አሁኑኑ ለዩት። ሙጫ ውስጥ ከገባ በኋላ ማውጣት ሌላ ጣጣ ነው።

2. ክንዱን መግጠም

ክንዱ ከገፊ ሽቦው ጋር 90 ዲግሪ መሥራት አለበት። ከሰርቮው ሳጥን ጋር አላልኩም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ሽቦው ትንሽ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ተንጋዶ የሚሄድ ከሆነ ክንዱም በዚያው ልክ ይጋደላል። ስኳድራችሁን በሽቦው መስመር ላይ አድርጋችሁ ለኩ።

አሁን አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ክንዱ የሚገባበት ዘንግ ጥርስ ስላለው እንደፈለጋችሁ አይቆምም። ባለ 25 ጥርስ ከሆነ አንድ ጥርስ ስታልፉ ክንዱ 14.4 ዲግሪ ይዘላል። እናንተ የምትፈልጉት ቦታ ደግሞ በሁለት ጥርሶች መካከል ይወድቃል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ወደ ሰብትሪም ይሮጣል። አትሩጡ። አራት እጅ ያለውን የመስቀል ቅርጽ ክንድ አምጡና አራቱንም እጆች በየተራ ሞክሩ። 25 ለ4 ስለማይካፈል እያንዳንዱ እጅ በጥርስ ሩብ ይለያያል። በ3.6 ዲግሪ እየዘለላችሁ መምረጥ ቻላችሁ ማለት ነው። ትክክለኛውን እጅ ስታገኙ ምልክት አድርጉበትና የቀሩትን ሦስቱን ቁረጧቸው። ባለ 21 እና ባለ 23 ጥርስም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ባለ 24 ጥርስ ብቻ ለ4 እኩል ስለሚካፈል አራቱም እጆች አንድ ቦታ ይውላሉ።

ጥርሱ በየኩባንያው ይለያያል። በመደበኛ መጠን ፉታባ 25 ነው፣ ጄአርና ስፔክትረም 23፣ የቆዩት የሂቴክ ሰርቮዎች 24። የአንዱን ክንድ በሌላው ላይ በግድ አትጫኑ። የገባ ይመስላል፤ ግን ጥርሱን በልቶታል፣ አንድ ቀን ይንሸራተታል።

ከዚህ በኋላ የሚቀር አንድ ሁለት ዲግሪ ካለ ሰብትሪም ይውሰደው። የክንዱን መሃል ቪቴ ደግሞ ዛሬውኑ አስገቡ። “መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ” የተባለ ቪቴ ተረስቶ ሜዳ ይሄዳል።

3. ሰርቮውን ማሰር

ሰርቮው ራሱ ከተንቀሳቀሰ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም። ፎም ላይ ሰርቮውን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልላችሁ ከፕላስተሩ ውጭ በጋለ ሙጫ ለጥፉት። ሲበላሽ ፕላስተሩን ቀዳችሁ ታወጡታላችሁ። እንጨት ላይ ከሆነ ቪቴው ከመግባቱ በፊት በቀጭኑ ብሱ። ቪቴውን አንዴ አስገብታችሁ አውጡት፣ ቀዳዳው ውስጥ አንድ ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጨምሩና ሲደርቅ መልሳችሁ እሰሩ። ጥርሱ እንጨቱ ላይ ይጠነክራል።

ትልልቆቹ ሰርቮዎች የጎማ ትራስና የነሐስ ቱቦ አላቸው። የቱቦው ሰፊ ከንፈር ወደ እንጨቱ ነው የሚዞረው። ቪቴውን ጎማው ትንሽ እስኪጫን ድረስ ብቻ ጥበቁት።

4. ማጠፊያው

ቀንድ ሳይተከል፣ ሽቦ ሳይገባ፣ ቅጠሉን በጣት አንቀሳቅሱት። የባልሳ ቅጠል በማጠፊያው ላይ በራሱ ክብደት መውደቅ አለበት። የፎም ቦርድ ማጠፊያ ግን ወረቀቱ ራሱ ስለሆነ አዲስ ሲሆን ይገትራል። ሃምሳ ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች አጥፉት፤ ይለሰልሳል። ከተለሰለሰ በኋላም ከከበደ 45 ዲግሪ የተቆረጠውን ጠርዝ ተመልከቱ። ሙጫ ገብቶበት ወይም ቁራጩ በቂ ሳይሆን ቀርቶ ይሆናል። እዚህ የቀረ ግትርነት ሰርቮው በረራውን ሙሉ የሚታገለው ሸክም ነው።

5. ቀንዱ የት ይቀመጣል

ይህ ደረጃ አጭር ይመስላል፤ ግን ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

የቀንዱ ቀዳዳ በትክክል ከማጠፊያው መስመር ትይዩ መሆን አለበት። ከመስመሩ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይውጣ። ይህን ለማየት ዓይናችሁን በክንፉ ጫፍ በኩል አድርጉና በማጠፊያው መስመር ላይ ቀጥ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀዳዳው ከመስመሩ ካፈነገጠ ሰርቮው ለሁለቱም ጎን እኩል ቢገፋም ቅጠሉ ወደ አንዱ ጎን ይበዛል፣ ወደ ሌላው ያንሳል። በኤሌቬተር ላይ ይህ አይፈለግም።

የፎም ቦርድ ሠሪዎች አንድ ነገር አስቡ። ማጠፊያችሁ ከላይ ያለው ወረቀት ነው። ቀንዱ የሚተከለው ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ፎሙ 5 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ስለዚህ ቀንዱ 13 ሚሊሜትር ላይ ያለው ቀዳዳ ከማጠፊያው ያለው ርቀት 18 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው። ርቀቱን ስትለኩ ሁልጊዜ ከማጠፊያው መስመር ጀምሩ፣ ከቅጠሉ ገጽ አይደለም። ቀጥሎ ያለው ስሌት ሁሉ በዚህ ቁጥር ይወሰናል።

ቀንዱ ፎም ላይ በሙጫ ብቻ አይያዝ። በሌላው ገጽ በኩል የፕላስቲክ ሳህኑን አድርጉና በቪቴ አጣብቁት። ሳህን ከሌለው ወረቀቱን ትንሽ ላጡና ሙጫው ፎሙ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ። ወረቀት ላይ የተለጠፈ ቀንድ ከነወረቀቱ ይነሳል።

6. የትኛው ቀዳዳ?

በርን ማጠፊያው አጠገብ ሆናችሁ ግፉት። ይከብዳል። እጀታው ጋ ሆናችሁ ግፉት። ይቀላል፤ ግን እጃችሁ ረጅም መንገድ ይሄዳል። ጨዋታው በሙሉ ይኸው ነው። በክንዱ ላይ ወደ መሃል የቀረበ ቀዳዳ፣ በቀንዱ ላይ ከማጠፊያው የራቀ ቀዳዳ፦ ጉልበት ይበዛል፣ የቅጠሉ ጉዞ ያንሳል። ተቃራኒውን ብታደርጉ ጉዞ ይበዛል፣ ጉልበት ያንሳል።

በቁጥር እንየው። የኤሌቬተራችን ስፋት ከማጠፊያው እስከ ጠርዙ 40 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጠርዙ ወደ ላይ 12፣ ወደ ታችም 12 ሚሊሜትር እንዲሄድ እንፈልጋለን። በክንዱ 8 ሚሊሜትር ላይ፣ በቀንዱ 18 ሚሊሜትር ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች እንምረጥ። ሰርቮው 45 ዲግሪ ሲዞር ሽቦው 5.7 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ቅጠሉ 18 ዲግሪ ይታጠፋል። ጠርዙ 12 ተኩል ሚሊሜትር ይነሳል። የምንፈልገው ላይ አረፍን፤ ሰርቮውም ሙሉ ጉዞውን እየተጠቀመ ነው።

አሁን ደግሞ ሳያስቡ የሚገጠመውን እንይ፦ የክንዱ የመጨረሻ ቀዳዳ 16 ሚሊሜትር፣ የቀንዱ ዝቅተኛ ቀዳዳ 10 ሚሊሜትር። ቅጠሉ በጣም ይወረወራል። ሰውየው ሪሞቱን ከፍቶ የጉዞውን መጠን ወደ ሩብ ያወርደዋል። ቅጠሉ ያው 12 ሚሊሜትር ሄደ፤ ከላይ ሲታይ ልዩነት የለም። ግን የኤስጂ 90 ዓይነት ባለ 9 ግራም ሰርቮ በ4.8 ቮልት ጉልበቱ 1.8 ኪሎ ግራም-ሴንቲሜትር (ከዘንጉ መሃል 1 ሴንቲሜትር ርቆ 1.8 ኪሎ የሚገፋ) ተብሎ ነው የሚሸጠው። በመጀመሪያው አገጣጠም ቅጠሉ ላይ የሚደርሰው 4 ያህል ነው። በሁለተኛው 1.1 ብቻ። በሰርቮው ጥርሶች መካከል ያለች የ1 ዲግሪ ልቅነትም በመጀመሪያው ቅጠሉ ላይ ግማሽ ዲግሪ አትሞላም፤ በሁለተኛው 1.6 ዲግሪ ትሆናለች። አንድ ሰርቮ፣ አንድ ባትሪ። የተለወጠው ቀዳዳ ብቻ ነው።

ደንቡም ከዚህ ይወጣል። የሰርቮውን ሙሉ ወይም ሙሉ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጉዞ የሚጠቀም ቀዳዳ ምረጡ። ሪሞቱ ላይ ከ80 በመቶ በታች ለመውረድ ከተገደዳችሁ ቀዳዳ ለውጡ።

7. ገፊ ሽቦው

እዚህ ላይ ከራሴ ልጀምር። ሁለተኛው አውሮፕላኔ ኤሌቬተሩን የሚገፋው 1 ሚሊሜትር ሽቦ ነበር። ሰርቮው ከክንፉ ሥር፣ ጅራቱ 60 ሴንቲሜትር ወደ ኋላ፣ መሃል ላይ አንድ ድጋፍ ብቻ። ጠረጴዛ ላይ ያምር ነበር፤ ቅጠሉ ስቲኩን እየተከተለ ይንቀሳቀስ ነበር። አየር ላይ ወደ ታች አዘንብዬ ፍጥነት ሲይዝ ስቲኩን ጎተትኩት። አፍንጫው አልተነሳም። የበለጠ ጎተትኩት። ሜዳው ላይ ተተከለ። ፍርስራሹን ሳየው ሰርቮው ይሠራል፣ ባትሪው ደህና ነው፣ ክሌቪሱ አልወለቀም። ለካ ሰርቮው ሲገፋ ሽቦው መሃሉ ላይ እንደ ቀስት እየጎበጠ ነበር። ግፊቱ ጉብጠት ሆኖ ቀረ፤ ቅጠሉ ጋ አልደረሰም።

ያ አውሮፕላን ሦስት ነገር አስተማረኝ።

አንደኛ፣ ድጋፍ። ሽቦ ሲጎተት ጠንካራ ነው፣ ሲገፋ ግን ይጎብጣል። ድጋፍ የሌለውን ርዝመት በግማሽ ብታሳጥሩት ሳይጎብጥ የሚችለው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በየ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ደግፉት። ቀላሉ መንገድ ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ቱቦውን ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር መለጠፍ ነው። የብስክሌት ፍሬን ካቦን አስቡት፤ ከውጭ ያለው ሽፋን ካልታሰረ ከውስጥ ያለው ገመድ ምንም አይሠራም። ቱቦው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቢያዝ ይመረጣል፤ ካልሆነ ቢያንስ ሁለቱ ጫፎቹና መሃሉ።

ሁለተኛ፣ ውፍረት። የሽቦው ግትርነት ከውፍረቱ ጋር በጣም ይፈጥናል። ከ1 ሚሊሜትር ወደ 1.5 ስትሄዱ አምስት እጥፍ ይገትራል። ለአጭሩ የኤይለሮን ሽቦ 1.2 ይበቃል። ለረጅሙ የጅራት ሽቦ 1.5 አድርጉ። ወይም መሃሉን የካርቦን ዘንግ ወይም የቀርከሃ እንጨት አድርጋችሁ ሽቦውን ሁለቱ ጫፍ ላይ ብቻ በክር ጠምጥማችሁ በሱፐር ግሉ እሰሩት። ይህ ቀላልም ጠንካራም ነው። ለእኔ ለጅራት ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ አቅጣጫ። ምርጫ ካላችሁ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ የሚሄደው ሽቦው ሲጎተት እንዲሆን አድርጉ። በጭንቅ ሰዓት የምትፈልጉት “ወደ ላይ” ነውና ያኔ ሽቦው በጠንካራ ጎኑ ይሥራ።

የሽቦውን ጫፎች በተመለከተ፣ በሰርቮው በኩል የዜድ ቅርጽ እጥፋት ይሁን። በራሱ አይወልቅም፣ የሚላላ ነገር የለውም። በቅጠሉ በኩል ክሌቪስ ይሁን፤ በእሱ ርዝመቱን ታስተካክላላችሁ። አንዱ ጫፍ የሚስተካከል መሆን አለበት። ሁለቱንም ዜድ ካጠፋችሁ ስህተቱን የሚያርመው ሪሞቱ ብቻ ይሆናል።

የክንዱ ቀዳዳ ከሽቦው ጋር እኩል መሆን አለበት። ለ1.2 ሽቦ ቀዳዳውን በ1.2 መብሻ በእጅ እያዞራችሁ ክፈቱ። በትራፓን ከሄዳችሁ ፕላስቲኩ ቀልጦ ይሰፋል። ሽቦው ያለ ጨዋታ መዞር አለበት።

ሽቦውን በትንሽ ቪቴ የሚቆነጥጡ ክብ ማያያዣዎችም አሉ። ለመሥራት ፈጣን ናቸው። ቪቴያቸው ግን በንዝረት ይላላል። ከተጠቀማችሁ ቪቴው የሚያርፍበትን የሽቦ ቦታ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉትና ቪቴው ላይ የብሎን ማጣበቂያ ጨምሩ። ራደር ላይ እቀበለዋለሁ። ኤሌቬተር ላይ አላደርገውም።

8. ማገናኘት

ሪሞቱና ሪሲቨሩ ይብሩ፣ ስቲኮቹ መሃል ይሁኑ። ቅጠሉን መሃሉ ላይ አስተካክላችሁ በሁለት ቀጭን እንጨቶች መካከል አድርጉና በመቆንጠጫ ወይም በፕላስተር ያዙት። አሁን ክሌቪሱን እያዞራችሁ ፒኑ ራሱ ወደ ቀንዱ ቀዳዳ ያለ ምንም ግፊት እስኪገባ ድረስ ርዝመቱን አስተካክሉ። ኤም 2 (2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው) ጥርስ ከሆነ አንድ ዙር 0.4 ሚሊሜትር ነው። በ18 ሚሊሜትር ቀንድ ላይ ይህ ከ1 ዲግሪ ትንሽ ይበልጣል። በግማሽ ዙር መሥራት ከቻላችሁ በቂ ነው።

ክሌቪሱ በሽቦው ጥርስ ላይ ቢያንስ 6 ወይም 7 ዙር ይግባ። ጫፉ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ክሌቪስ ይነቀላል። ክሌቪሱን ከመቆለፋችሁ በፊት 3 ሚሊሜትር የምትሆን የሲሊኮን ቱቦ ቁራጭ ሽቦው ላይ አስገቡ። ከተቆለፈ በኋላ ቁራጯን ወደ ክሌቪሱ አፍ ግፏት። አፉ እንዳይከፈት ትይዘዋለች።

9. አቅጣጫ

ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ። አፍንጫው እናንተ ወደምታዩበት ይዙር። ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ስትጎትቱ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይነሳል። ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ ኤይለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች። ራደር ወደ ቀኝ ስትሉ የኋላ ጠርዙ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

የተገለበጠ ካለ ሪሞቱ ላይ ቻናሉን ገልብጡት። ለዚህ ሪሞቱን መጠቀም ምንም ክፋት የለውም። የሚሳሳተው ሰው የማያውቅ አይደለም፤ “አይቼዋለሁ” ብሎ የቸኮለ ነው። በተለይ ኤይለሮን ያታልላል። ሁለቱም ስለሚንቀሳቀሱ ትክክል ይመስላል። ጮክ ብላችሁ “ቀኝ፣ የቀኙ ላይ” እያላችሁ ፈትሹ።

10. የጉዞ መጠን

አሁን ማስመሪያ ይዛችሁ የቅጠሉን ሰፊ ቦታ ጠርዝ ለኩ። የአውሮፕላኑ ፕላን የሰጠው ቁጥር ካለ እሱን ተከተሉ። ከሌለ ለምሳሌያችን አውሮፕላን ለመጀመሪያ ቀን እንዲህ ጀምሩ፦ ኤሌቬተር ወደ ላይም ወደ ታችም 12 ሚሊሜትር። ኤይለሮን ወደ ላይ 12፣ ወደ ታች 7 ወይም 8። ራደር በእያንዳንዱ ጎን 20።

ኤይለሮን ለምን እኩል አልሆነም? ወደ ታች የወረደው ኤይለሮን የአየር መጎተት ይጨምራል። ያም ክንፉን ወደ ኋላ ይስባል። ወደ ቀኝ ስታጋድሉ አፍንጫው መጀመሪያ ወደ ግራ ይሸሻል። ወደ ታች የሚሄደውን ስትቀንሱ ይህ ይቀላል። ሁለቱ ኤይለሮኖች በየራሳቸው ቻናል ካሉ የሪሞቱ ዲፈረንሻል ማስተካከያ ይሠራዋል።

ቁጥሩ ከ10 ወይም 20 በመቶ በላይ ካፈነገጠ ወደ 6ኛው ደረጃ ተመለሱና ቀዳዳ ቀይሩ። በዚያ ውስጥ ከሆነ የሪሞቱ ኢንድ ፖይንት (የጉዞውን ዳር የሚወስነው ማስተካከያ) ይጨርሰዋል። ከዚያ ዱዋል ሬት ጨምሩ፤ በአንድ ማብሪያ ጉዞው ወደ 70 በመቶ የሚወርድበት። በመጨረሻ ኤክስፖ፣ መሃሉን የሚያለሰልሰው። ለጀማሪ 20 ወይም 30 በመቶ ይበቃል። ተጠንቀቁ፤ በፉታባ ሪሞቶች ለማለስለስ ቁጥሩ በመቀነስ ምልክት ይገባል፣ በስፔክትረም ደግሞ በመደመር። ከተሳሳታችሁ መሃሉ በተቃራኒው ይነክሳል። ስቲኩን ጥቂት እየነካችሁ ቅጠሉ ሲዘገይ በዓይናችሁ እዩ።

11. ጆሮና ጣት

ስቲኩን እስከ ዳር ወስዳችሁ እዚያው ያዙት። አድምጡ። ሰርቮው ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም ከሆነ የሆነ ነገር ይዞታል። ክሌቪሱን ንቀሉና ድገሙት። ጩኸቱ ከጠፋ ችግሩ ከሰርቮው ውጭ ነው፦ ሽቦው ገላውን ይነካል፣ ቅጠሉ መጨረሻው ላይ ደርሷል፣ ወይም ቀንዱ ውስጥ ክሌቪሱ ይጣመማል። የተያዘ ሰርቮ ይግላል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠጣል። ሪሲቨሩን የሚመግበው ቮልቴጅ ከወረደ ደግሞ ሪሲቨሩ አየር ላይ ይጠፋል። መሃል ላይ ሲቆም የምትሰማ ጥቂት ጭርጭርታ ግን የተለመደች ናት።

ቀጥሎ ልቅነት። ሰርቮው በርቶ ሳለ የቅጠሉን ጠርዝ በሁለት ጣት ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ጠርዙ ላይ ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጨዋታ ለእንዲህ ዓይነቱ ዝግተኛ አውሮፕላን ይታገሣል። ከዚያ ከበለጠ ምንጩን ፈልጉ፦ የክንዱ ቀዳዳ፣ የቀንዱ ቀዳዳ፣ ሰርቮው የታሰረበት ቦታ፣ የሰርቮው ጥርስ። ልቅ ቅጠል በፍጥነት ውስጥ ይርገበገባል። ይህ ፍላተር የሚባለው ነው። ድምፁ እንደ ንብ መንጋ ይሰማል፤ ከጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ማጠፊያውን ወይም ሰርቮውን ይሰብራል። ሜዳ ላይ ከሰማችሁት ጋዙን ወዲያው ቀንሱ፣ አፍንጫውን ቀስ አድርጋችሁ አንሱ፣ አሳርፉት። “አልፏል” ብላችሁ ሳትፈትሹ እንደገና አታስነሱት።

የመጨረሻው ፈተና የእኔን ሁለተኛ አውሮፕላን ያድነው የነበረው ነው። ኤሌቬተሩን በጣት መሃል ላይ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙት። ሌላ ሰው ስቲኩን ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ ይውሰደው። እናንተ ሽቦውን ተመልከቱ። ከጎበጠ ድጋፍ ጨምሩ። የሰርቮውን ጥርስ እንዳትሰብሩ ከሁለት ሰከንድ በላይ አትያዙት። ለኤይለሮኖቹም ለራደሩም ድገሙት።

12. ከመጀመሪያው በረራ በኋላ

የመጀመሪያውን በረራ በሰላም ጨረሳችሁ። ቀጥ ብሎ እንዲበር ትሪም ነክታችኋል፤ ለምሳሌ ኤሌቬተሩን ስድስት ክሊክ ወደ ላይ። ብዙ ሰው እዚያው ይተወዋል። አትተዉት። ሪሞቱን ሳታጠፉ አውሮፕላኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጉና ኤሌቬተሩ ያለበትን ቦታ በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉት። ትሪሙን ወደ ዜሮ መልሱ። ቅጠሉ ዝቅ ይላል። አሁን ክሌቪሱን ከፍታችሁ ቅጠሉ የጻፋችሁት ቁጥር ላይ እስኪደርስ ድረስ በግማሽ በግማሽ ዙር አዙሩ። ቁልፉን ዝጉ፣ የሲሊኮን ቁራጯን መልሱ። ሽቦው በጣም ረዝሞ ወይም አጥሮ ከሆነ ክንዱ አሁንም ከሽቦው ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን እዩ። ለኤይለሮኖቹም እንዲሁ አድርጉ፤ ራደሩን መጨረሻ ላይ። ሁለተኛውን በረራ ትሪሙ ዜሮ ላይ ሆኖ ጀምሩ።